የዓሣ ሐኪሙ ጉንፋን

ባልደረባዬ ሹፌር ነው፤ ከማራቢያችን የዓሣ ጫጩት ጭኖ ለየኩሬው ባለቤት ያደርሳል። «ሐኪሙ» የምንለው ለቀልድ ነበር፤ እሱ የምር ወሰደው።

ነገሩ የመጣው ከቅርንፉድ ዘይት ነው። ዓሣ መንገድ ላይ ሲንገላታ ይደነግጣል፣ ይተራመሳል፣ ገሚሱም ሳይደርስ ያልቃል። ውሃው ውስጥ ትንሽ ዘይት ጠብ ሲደረግለት ግን ፈዘዝ ብሎ በሰላም ይጓዛል። የማራቢያችን ባለሙያ ይህን አስተምራ፣ ከበዛ እንደሚገድልም ነግራ መለኪያ ሰጠችው። ሐኪማችን መለኪያውን የእስክሪብቶ ማስቀመጫ አደረገው።

«አፍንጫዬ እያለ መለኪያ ምን ያደርግልኛል? ሽታው ሲመጣልኝ በቃ ማለት ነው።»

ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። መከራ ግን አንዳንዴ ቤት ይስታል።

ከዚያ ወዲህ ሰውየውን ማን ይቻለው! ጥሩምባ አይነካ፣ ጉድጓድ ሲያይ እንደ ሙሽራ መኪና ይሳባል። በየመንገዱ ቆሞ በርሜሉን ይከፍትና «አይዟችሁ፣ እናቶቼ» ይላል። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ላይ የሚጮኸው ጩኸት እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ልስላሴው በርሜሉ ውስጥ ያልቅበታል መሰለኝ።

እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። ባሏ ሲሞትባት የልብስ ስፌት መኪናዋን ሸጣ ኩሬ አስቆፈረች፤ በቀረው ጫጩት ገዛች። ማራቢያችን ደግሞ ከበር ለወጣ ዓሣ ምትክ አይሰጥም።

«እትዬ፣ ያንቺንማ ራሴ ነኝ የማመጣው» አላት።

በዕለቱ ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ድፍን ብሏል። ለማራገፍ አብሬው ስለምሄድ አጠገቡ ቆሜያለሁ።

«ዛሬስ በመለኪያው አድርገው» አልኩት።

«ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?»

ዘይቱን ጠብ አደረገ፣ አሸተተ፤ ምንም። ጨመረ፤ ምንም። «ለእትዬማ አልሰስትም» አለና ደገመ።

ኩሬው ዳር ደርሰን በርሜሉ ሲከፈት ውሃው ላይ የሚታየው ነጭ ሆድ ብቻ ነበር።

«ተኝተው ነው፣ እትዬ። ንጹሕ ውሃ ሲያገኙ ይነቃሉ።»

ኩሬው ውስጥ ገለበጥናቸው። እህቱ ቀሚሷን ሰብስባ ገባችና አንድ በአንድ እያገላበጠች አየቻቸው። አንድም የተንቀሳቀሰ የለም።

«ቢያንስ ሳይጨነቁ ነው የሞቱት» አለ ሐኪሙ።

እህቱ ቀና አለች።

«እሰይ። ለእኔ የሚሆን ዘይት ተርፎሃል?»

የቀለደች መስሎኝ ፊቷን አየሁ። የምሯን ነበር።