ያጋደለው መስመር

ሠዓሊዋ ከጠዋት ጀምሮ የአዳራሹን በር በር ታያለች። ከሰዓት በኋላ እናቷ ኤግዚቢሽኑን ልታይ ትመጣለች። ሌላው ተመልካች አያስጨንቃትም። በአሮጌ ጋዜጣ፣ በክርና በቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ቀለም ደራርባ የሠራቻቸውን አሥራ ሰባት ረቂቅ ሥዕሎች አይቶ አንዱ ወፍ ነው፣ ሌላው ተራራ ነው ይላል፤ ይበል። እናቷ ግን ታነባቸዋለች፤ ጣጣውም ይኸው ነው።

እናትየው ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ ናት። ፊደል ስላልቆጠረች ለየደንበኛዋ ምልክት ፈጥራ ጨርቁ ላይ በጠመኔ ታሰፍራለች። ወፍራሙ ጎረቤት ሁለት ክብ፣ ጭቅጭቅ የማይሰለቻት መምህርት የመጋዝ ጥርስ። ባሏ ደግሞ፣ አንድ ትከሻው ዝቅ ስለሚል፣ ያጋደለ መስመር ነበር። ሰውየው ሌላ ሴት ወዶ ከወጣ ይኸው ሃያ ዓመት፤ በዚያ ቤት ስሙ አይነሳም። ልጅቱም አላነሳችም። አባቷ ግን ይናፍቃታል፤ ያ መስመርም ሳትጠራው እየመጣ አሥራ ሰባቱም ሥዕል ላይ ተጋድሟል።

ሥዕሎቹን ላውርድ ብትል የአዳራሹ ኃላፊ «ካታሎጉ ታትሞ? ጤና የለሽም እንዴ?» ብሎ መለሳት።

እናትየው ቦርሳዋን አቅፋ መጣች። ቀስ እያለች አምስቱን አለፈች፤ ስድስተኛው ፊት ቆመች። ልጅቱ ተጠጋቻት።

«ትከሻው እንዲህ አይደለም» አለች እናትየው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዝቅ የሚለው የግራው ነው። አንቺ ቀኙን አወረድሽው።»

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ።»

«ምኑን? አባትሽ አይደል።»

አንድ በአንድ እያየች እስከ መጨረሻው ሄደች። ከዚያ ዞር አለች።

«ሁሉም ላይ አለ።»

«አዎ።»

«እኔስ የታለሁ?»

ልጅቱ የሰፈሩን ሰው ምልክት ሁሉ በልቧ አገላበጠች፤ የእናቷን አጣችው። እናቷ ለራሷ ጨርቅ ቆርጣ አታውቅም፤ የምትለብሰው ደንበኛ አሠርቶ ሳይወስደው የቀረውን ነው።

«ምልክት እኮ የለሽም፣ እማዬ» አለች፤ እንባዋ መጣ።

እናትየው የለበሰችውን የደንበኛ ልብስ አየት አደረገች። «እውነትሽን ነው። ማን ለክቶኝ።»

ከእሷ የማይለየውን ሜትር ከቦርሳዋ አውጥታ ለልጇ ሰጠቻት፤ ከዚያም እዚያው ሰው መሀል ጀርባዋን አዞረችላት።