ከቀዩ በር ጀርባ

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ልጄ ሐና ከኮምፒውተሩ ፊት አትነሣም። የነሐሴ ዝናብም አያስወጣ። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቆሎ እየጠበስኩ ሳለ "እማ፣ ሁለቴ መዝለል ቻልኩ!" ብላ ጮኸች። ምን ጉድ መጣ ብዬ ብቅ ስል በኮምፒውተሩ ላይ ፋኖስ የያዘች ትንሽ ልጅ ዋሻ ውስጥ ትዘላለች፤ አየር ላይ እንዳለችም ደግማ ትዘላለች። አወቅኳት። ከሃያ ዓመት በፊት "ቁጥር ሁለት" እያልን የምንጠራው ጨዋታ በአዲስ መልክ ተሠርቶ ቤቴ ድረስ መጥቷል።

ሐና ወደፊት በመሄድ ፈንታ ዞራ ወደ መጀመሪያው ክፍል መመለስ ጀመረች።

"ምን ፍለጋ ነው የምትመለሺው?" አልኳት።

"መጀመሪያ ላይ ያልደረስኩበት ቀይ በር አለ።"

በቆሎው አረረ።

ያኔ የምንኖረው አቃቂ፣ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ወዲህ ነበር። እናታችን ፈትል ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። እኔና ታላቅ ወንድሜ ኤርሚያስ ደግሞ ደሬ የሚባል ልጅ የከፈተው ጌም ቤት እንውላለን። ጌም ቤት ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና የካልሲ ሽታ ነው። ሰዉ ሁሉ የሚጫወተው ኳስ ነበር። የፋኖሷን ልጅ የሚወዳት ኤርሚ ብቻ ነው። እሱ ጆይስቲኩን ይዞ ይጫወታል፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ "በዚያ! ኧረ በዚያ!" እላለሁ። ቁጥር አንድን እንዲህ አብረን ጨረስነው።

ቁጥር ሁለት ሲመጣ ግን ኤርሚ ከቤት መውጣት አቁሞ ነበር። ልቡን ነው ያመመው። በልጅነቱ ጉሮሮው እየቆሰለ ሲያስቸግረው ቤተሰቡ እንጥሉን አስቆርጦለት፣ ዳነ ተብሎ ተተወ። በሽታው ውስጥ ውስጡን ልቡን ሲጎዳ እንደኖረ ያወቅነው በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ያለችው ዳገት ስታቅተው ነው። መታከም የሚችለው ውጭ አገር ሄዶ ነው ተባለ። ውጭ አገር ለእኛ ከፋኖሷ ልጅ አገር የሚቀርብ አልነበረም።

ቁጥር ሁለትን የምንጫወትበትን መላ ያመጣው ራሱ ነው። "ቲጂ፣ አንቺ ትሄጂያለሽ፤ ያየሽውን መጥተሽ ትነግሪኛለሽ፤ እኔ ካርታውን እሥላለሁ።"

"ወንዶቹ ይስቁብኛል።"

"ይሳቁዋ! ሳቅ ሰው ሲገድል አይተሻል?"

ሳቁብኝ። "እቤት የሚላጥ ሽንኩርት ጠፋ እንዴ?" ይሉኝ ነበር። ደሬ ግን ኤርሚን ይወደው ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት መልስ አንዱን ቴሌቪዥን ይለቅልኛል።

ልጅቷ በቁጥር አንድ ያገኘችውን ኃይል ሁሉ ተነጥቃ ባዶ እጇን ነው የምትነሣው። ያላት ሦስት ትንንሽ ቀይ ልብ ብቻ ነው፤ በተመታች ቁጥር አንዱ ይጠፋል። ይህን ስነግረው ኤርሚ ሳቀና "ከኔ በሁለት ትበልጣለች" አለ። መንገዱ ሁሉ ዝግ ነው፤ ግድግዳው ይረዝማል፣ ውኃው ይጠልቃል። ትታችሁት በሌላ በኩል ስትዞሩ አንድ ቀን ጫማ ወይም መንጠቆ ታገኛላችሁ፤ ያን ጊዜ አቅቷችሁ ያለፋችሁት ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ ይላችኋል። ትናንት ያሸነፈኝን ግድግዳ ዛሬ ተመልሼ ስሻገረው የነበረውን ደስታ እስካሁን አልረሳውም። የኤርሚ ደስታ ደግሞ ካርታው ነበር። በሒሳብ ደብተር ላይ ያየሁትን ክፍል በሰማያዊ፣ ያልተከፈተውን በቀይ ይሥላል። በመጀመሪያው ክፍል ጣሪያ ሥር ያለችውን ቀይ በር ሦስት ጊዜ በክብ መስመር ከበባት።

"ሁለቴ መዝለል ስታገኚ መጀመሪያ የምትሄጂው እዚህ ነው። ምን እንዳለ ሳላውቅ አልሞትም" አለኝ።

ያንን ኃይል ለማግኘት አንድ ጭራቅ መግደል ብቻ ሲቀረኝ ጨዋታችን ተደመሰሰ። እያንዳንዱ የደረሰበት የሚቀመጥበት ሚሞሪ ካርድ የሰፈሩ ሁሉ ነው። ሲሞላ አንዱ ሳያይ የሌላውን አጥፍቶ የራሱን ያስቀምጣል፤ በእኛ ላይ የኳስ ውድድር ተቀመጠበት። የሦስት ወር ጉዞ ነበር። ምን ብዬ እንደምነግረው እያሰብኩ በሐዲዱ ላይ ሄድኩ። ቤት ስደርስ ትራሱን ተደግፎ፣ እስክሪብቶ ጆሮው ላይ ሰክቶ ይጠብቀኛል።

"እሺ፣ ምን አየሽ?"

"ጭራቁን ገደልኩት" አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ደሬ ቤት በር ድረስ እሄድና እየተመለስኩ የራሴን ክፍል እፈጥርለት ጀመር። ከቃሊቲ መጋዘኖች ጣሪያቸውን ወሰድኩ፣ ከእናቴ ፋብሪካ ማሽኖቹን። እሱም ይሥላል። ቀዩን በር ግን ፈራሁት። "ነገ፣ ነገ" እያልኩ ስገፋው እግሩ አበጠ፣ ቁጭ ብሎ ማደር ጀመረ። በመጨረሻ ራሱ ጠየቀኝ።

"ቀዩን በር ከፈትሽው?"

"ከፈትኩት። ወንዝ አለ፤ ጠጠሩ የሚታይ ጥሩ ውኃ። ድልድዩ ላይ ባቡር ቆሟል። ሰው የለበትም፣ በሩ ክፍት ነው። ባሕር ዛፍ ይሸታል።"

ሲሥል ቆየና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ቲጂ፣ ቴሌቪዥን ይሸታል እንዴ?"

ዓይኔን ደብተሩ ላይ ተከልኩ።

"ደሬ ሊጠይቀኝ የመጣ ቀን ነግሮኛል፤ ጨዋታችን ከካርዱ እንደጠፋ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"እንድትቀጥዪ ነዋ። ባቡሩ ውስጥ ምን አለ?"

ቀጠልኩ። ገና ሁለተኛው ፉርጎ ላይ ሳለን፣ በጳጉሜን ዝናብ፣ ኤርሚ ሞተ።

ዛሬ ነርስ ነኝ። ገና ጉሮሮው ሲቆስል ቢሰጠው ኤርሚን ሊያተርፈው ይችል የነበረውን መርፌ በየወሩ ለልጆች የምወጋው እኔ ነኝ። ተራ መርፌ ነው፤ ያኔም ነበረ፤ እኛ አላወቅንም። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። በጨዋታው የተዘጋ በር ኃይሉን እስክታገኝ ይጠብቃል። እኔ ኃይሉን ይዤ ስመጣ ግን ወንድሜ አልጠበቀኝም።

ሐና ዘለለች፤ አየር ላይ ደገመችና ቀዩን በር ከፈተች። ወንዝ የለም፣ ባቡር የለም። ባዶ ጠባብ ክፍል ነው። መሐሉ ላይ አንዲት ቀይ ልብ ተቀምጣለች።

"በቃ? አንዲት ልብ ለመጨመር ነው ይህን ሁሉ የለፋሁት?" አለች ሐና።

ያ ጨዋታ ባይደመሰስ ይህን በር የምከፍተው እኔ ነበርኩ። እቤት ገብቼ፣ እስክሪብቶውን አንሥቶ ሲጠብቀኝ፣ በምን አፌ ነበር የምነግረው? በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ እንኳን ዋሸሁ የምለው ያንን ብቻ ነው።

"ትንሽ ነገር አይደለም፣ ልጄ" አልኳት።