የሕንድ ሕግና የአቶ ወዳጆ ጀንፈል

ከግቢዬ ክፍሎች አንዱን የተከራየችው ሰላማዊት የሕግ ተማሪ ናት። ባለፈው ሳምንት፣ መምህራቸው የሌላ አገር ሕግ ከእኛው ጋር እንዲያነጻጽሩ የሰጣቸውን ወረቀት ይዛ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች ስታጠና፣ እኔ ጓሮ ኮረሪማ አሰጣ ነበር። «በሕንድ የሽያጭ ሕግ፣ ዋጋው እንዲታወቅ ሻጩ ዕቃውን መመዘን ካለበት...» ብላ ትንፋሽ ስትወስድ፣ «ተመዝኖ ለገዢው እስኪነገረው ድረስ ንብረቱ የሻጩ ነው» አልኳት፣ ከኮረሪማው ቀና ሳልል።

ወረቀቷን አየች። እኔን አየች። እንደገና ወረቀቷን አየች።

«ጋሼ፣ ሕግ የት ነው የተማሩት?»

«ቴፒ» አልኳት። «መምህሬም እኔው ነበርኩ።»

ይህን ስናገር ደስ ይለኛል፤ አልደብቅም። ሰው ያለ አስተማሪ ባወቀው ነገር ቢኮራ የማንን ድርሻ ወሰደ? ከአሥረኛ ክፍል የወጣሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ስልሳን ተሻግሬ፣ በሚዛን ተፈሪ ሱቅ የሚያከራይም ቡና የሚሸጥም ውሉን ከመፈረሙ በፊት እኔ ጋ ብቅ ይላል። ስሜን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ትልቁም ትንሹም «ሕንዱ» ነው የሚለኝ።

ስሙን ያመጣው መጽሐፍ ነው። ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ፣ ቴፒ ሂሳብ ያስተምር የነበረ አንድ ሕንዳዊ ወደ አገሩ ሲመለስ አከራዩ ቤት አንድ ካርቶን መጽሐፍ ትቶ ሄደ። አከራዩ ባለሱቅ ነበሩና ገጹን እየገነጠሉ በርበሬ ሲጠቀልሉበት ደረስኩ። ሽፋኑ የወለቀውን፣ ወፈር ያለውን አንስቼ በአንድ ዘለላ ሙዝ ለወጥኳቸው። የሕንድ የሽርክናና የሽያጭ ሕግ መማሪያ ነው፤ በእንግሊዝኛ። የመጀመሪያውን ገጽ ከመዝገበ ቃላት ጋር አራት ቀን ታገልኩት። የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ ለአንባቢ ይመቻል፤ መንገዱ ሲጨቀይ ከቤት የሚያስወጣ ነገር የለም። ምሳሌው ሁሉ ስለ ሩዝና ስለ ፈረስ ነበር። ሩዙን ቡና፣ ፈረሱን በቅሎ ሳደርገው ሁሉም ተከፈተልኝ። በሁለት ዓመት ጨረስኩት፤ ጨርሼም እንደገና ጀመርኩ።

የቡና ንግድ ሸሪኬ ሸምሱ ይባላል፤ የስልጤ ልጅ፣ የነጋዴ ልጅ። አፉ ማር ነው። ከማያውቀው ገበሬ ጋር ተቀምጦ ቆጮ በዳጣ እየበላ፣ ሳይጠግቡ ዘመድ ሆኖ ይነሣል። «አንተ ወረቀቱን ያዝ፣ ሰዉን ለእኔ ተው» ይለኝ ነበር። መጽሐፌን ባወጣሁ ቁጥር ግን፣ «ሕንዱ፣ እሱን አስቀምጥና ማዳበሪያ ስፋ» ብሎ ያፌዝብኛል።

ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ከቴፒ በእግር ሦስት ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር የአቶ ወዳጆን ጀንፈል ልንገዛ ተስማማን። ጀንፈል በገለባው የደረቀ ቡና ነው፤ ጎተራቸው ሙሉ ነበር። ዋጋው በፈረሱላ ተቆረጠ፤ ቅዳሜ ሚዛኑን በበቅሎ ጭነን መጥተን እንመዝናለን ተባባልን። ያለን ሁሉ እዚህ ግዢ ውስጥ ነበር። ከቀናን ቴፒ ገበያው አፍ ላይ ሱቅ እንከፍታለን። ካልቀናን ሸምሱ የወንድሙ ሱቅ ተላላኪ፣ እኔ የቡና እርሻ የቀን ሠራተኛ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወቅቱን ያልጠበቀ ነፋስና ዝናብ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ጭቃው የበቅሎዋን ጉልበት እየዋጠ መንደሩ ስንደርስ፣ የጎተራው ክዳን ተገንጥሎ እንሰቱ ላይ ተጋድሟል። እጄን ጀንፈሉ ውስጥ ብሰድ ከውስጥ ይሞቃል። ቡና ከረጠበ በኋላ ከሞቀ ለመሻገት ጥቂት ቀን ነው የቀረው።

አቶ ወዳጆ ካባቸውን ተከናንበው ቆመዋል። «ልጆቼ፣ ቡናችሁ ረጠበ» አሉን።

«ቡናዎ ነው የረጠበው» አልኳቸው።

ጠቡ ይኸው ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚባል አልነበረውም። ሦስት ሽማግሌዎች ተጠርተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። የአቶ ወዳጆ ባለቤት፣ ወይዘሮ አስካለ፣ የተቀቀለ ጎደሬ ለከሳሽም ለተከሳሽም እኩል አቀረቡ። እኔ እንደሚያሸንፍ ሰው ጥግብ ብዬ በላሁ። ከዚያ መጽሐፌን ከላስቲኩ አውጥቼ ቆምኩ።

እንደዚያ ቀን ተናግሬ አላውቅም። ዋጋው በፈረሱላ ነው፤ ስንት ፈረሱላ እንደሆነ ያልታወቀ ቡና ገና አልተሸጠም፤ ያልተሸጠ ነገር ቢጠፋ የሚጠፋው ከባለቤቱ ነው። እያነበብኩ እተረጉማለሁ፣ እየተረጎምኩ አስረዳለሁ። ከሽማግሌዎቹ አውራ የነበሩት፣ ዱላቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው፣ «ሕንድ አገር ቡና አለ?» አሉኝ።

«ሩዝ አለ፣ አባቴ።»

«የሩዝ ሕግ የእኛን ዝናብ ያውቀዋል?»

«ሩዝም ሲረጥብ ይሻግታል» አልኳቸው። ሳቁ። ሳቃቸው ወደ እኔ እንዳዘነበለ ታወቀኝ። ይህን ሁሉ ስናገር ሸምሱ በጎን እግሬን ይረግጠኝ ነበር። በርታ ማለቱ መስሎኝ ጨመርኩበት።

ሽማግሌዎቹ ሊፈርዱ ሲሉ ወይዘሮ አስካለ ከጎተራው ደጅ ሳይርቁ፣ «ታዲያ ይኼ የማነው?» አሉ። ጣታቸው ምሰሶው ላይ ወደታሰረ የእንሰት ቃጫ ያመለክታል። ጠዋት አይቼው የፍየል ማሰሪያ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። በዚያ መንደር ግን ገዢ በገዛ እጁ ቃጫ ቋጠረ ማለት፣ ሳይመዘን በጅምላ እንዳለ ወሰድኩት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የቤቱ ሰው አንዲት ፍሬ አይነካም። «ከሐሙስ ጀምሮ ለራሴ የምጠጣውን ቡና ከጎረቤት ነው የተበደርኩት» አሉ ሴትዮዋ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

ወደ ሸምሱ ዞርኩ። አንገቱን ደፍቷል። ለካ ሐሙስ ሌላ ነጋዴ የተሻለ ዋጋ ይዞ መጥቶ ኖሮ፣ ሸምሱ ቡናው እንዳያመልጠን ብቻውን ሮጦ በጅምላ ቆርጦ ቋጥሯል። ያልነገረኝ መጽሐፌን አውጥቼ እንዳልወቅጠው ፈርቶ ነው። አቶ ወዳጆም የቋጠረው ሰው ራሱ እስኪናገር ይጠብቁ ነበር።

«ቋጠሮው የእኔ ነው» አለ ለሽማግሌዎቹ። «የእሱ ግን አይደለም። እሱ አያውቅም። ጉዳቱን እኔ ብቻዬን ልውሰደው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የወንድ ቃል ነው አሉ፤ እንዲህ ከሆነ ሕንዱ ነጻ ነው አሉ። በሩ ተከፈተልኝ ማለት ነው። ድርሻዬን ይዤ ቴፒ መግባት፣ ሱቄን መክፈት እችላለሁ። መጽሐፉ ግን እጄ ላይ ነው፤ ስለ ሽርክና የሚያወራው ክፍል ደግሞ ከፊት ነው፤ በቃሌ አውቀዋለሁ።

«አባቶቼ፣ አልጨረስኩም» አልኩ። ገለጥኩና አነበብኩላቸው። ሸሪክ የሸሪኩ እንደራሴ ነው፤ በጋራ ሥራቸው አንዱ የሠራው ሁሉንም ያስራል። መጽሐፉ ስለ ቃጫ አያወራም፤ እኔ ግን ስተረጉመው፣ «የአንዱ ሸሪክ ቋጠሮ የሁለቱም ቋጠሮ ነው» አልኩ። በጅምላ የተቆረጠ ዕቃ ደግሞ ሚዛን አይጠብቅም፤ የገዢው የሚሆነው የተስማሙ ዕለት ነው። ስለዚህ አቶ ወዳጆ እውነታቸውን ነው፤ የረጠበው ቡናችን ነው።

አውራው ሽማግሌ ዱላቸውን ከአገጫቸው ሥር አነሡ። «ይኼ ሕንድ ዝናብ ያውቃል» አሉ።

ጀንፈሉን በዚያው ቀን ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ዘረጋነው። ስምንት ቀን፣ ፀሐይ ስትወጣ እየገለበጥን፣ ደመና ሲመጣ በሸራ እየሸፈንን። መንደርተኛው ሳይጠራ መጥቶ አብሮን ገለበጠ፤ አቶ ወዳጆም ጭምር። ከግማሽ በላዩን ከመሻገት አተረፍን፤ ሱቁ አንድ ዓመት ዘገየ። ሸምሱ ከዚያ ወዲህ መጽሐፌን አስቀምጥ ብሎኝ አያውቅም፤ ሕንዱ የሚለውን ስም ግን ቴፒን ከጌጫ አዳረሰው። በሚቀጥለው ዓመት ገበሬው፣ «ሕንዱ ከሆነ ያለ ቋጠሮም ይውሰድ» እያለ ደጁን ከፈተልን። ብዙ የተማሩ ነጋዴዎች አይቻለሁ፤ እንዲህ የተባለለት አላየሁም።

ይህን ሁሉ ለሰላማዊት በረንዳው ላይ አወራኋት። መጽሐፉንም አውጥቼ አሳየኋት፤ ጥቂት ገጾቹ ዛሬም በርበሬ በርበሬ ይሸታሉ። የእኛ ሕግ በአንዳንዱ ነገር ከዚህ ይለያል አለችኝ። አውቃለሁ፣ የእኛንም አንብቤዋለሁ አልኳት።

«ጋሼ፣ ስለ ሽርክና ያለውን ክፍል ባያነቡላቸውስ? ማን ያውቅ ነበር?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጥሩ ሕግ አዋቂ ይወጣታል። ሽማግሌዎቹ ፊደል አልቆጠሩም፤ ሸምሱ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ሕንዳዊው መምህር ባሕር ማዶ ነው።

«እዚያ ደጃፍ ላይ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር» አልኳት።

«ማን?»

«ቴፒ የተማረው» አልኳትና ኮረሪማዬን ላገላብጥ ተነሣሁ።