ጠፍጣፋው ራጅ ያላሳየው

በጥርስ ክሊኒኩ ሁሉም የሚጠራት «አይነቃነቁ» ብሎ ነው። የራጅ ባለሙያ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመት ለታካሚ ሁሉ የምትለው ይህንኑ ስለሆነ ስሟ ሆኖ ቀረ። እሷም አትቀየምም። ፊት ዙሪያ እየዞረ መንጋጋን በሦስት አቅጣጫ የሚያነሳው መሣሪያ ሲገባ፣ ጡረታዋ ስለቀረበ ሥልጠናው ለወጣቶቹ ይሰጥ ያሉ ነበሩ። እሷ ግን ደብተሯን ይዛ ቀድማ ገባች።

አንድ ጠዋት የሰባ ስምንት ዓመት አዛውንት መጡ፤ የመሬት ቀያሽ የነበሩ ናቸው። የታችኛው ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው እየተነሳ ስላስቸገራቸው ሰው ፊት መናገር ትተዋል። ሐኪሙ ተራውን ጠፍጣፋ ራጅ አይቶ የአጥንቱ ቁመት በቂ ነው አለ፤ ከኋላ በግራና በቀኝ አጥንቱ ውስጥ ብሎን ቀብሮ ጥርሱን እዚያ ላይ ሊያስር አሰበ። በአዲሱ መሣሪያ የተነሳው ምስል ግን፣ የአዛውንቱ ራስ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ብዥ ብሎ ወጣ። ሐኪሙ ጨረር አናብዛባቸው፣ ይቅር አለ።

እሷ እሺ አላለችም። ዕድሜ የመንጋጋን ቁመት ብቻ ሳይሆን ስፋቱንም ይበላል፣ ጠፍጣፋው ደግሞ ስፋት አያሳይም ብላ ተከራከረች። አንድ ጊዜ ብቻ ተፈቀደላት።

አልቸኮለችም። አገጫቸውን በተጠቀለለ ፎጣ ደገፈች፣ ግንባራቸውን በማሰሪያ ያዘች፣ መሣሪያውን ሳትነካ ሦስቴ አለማመደቻቸው።

«አባባ፣ በመለኪያ መነጽርዎ ሩቅ ምልክት እያዩ ነው እንበል» አለቻቸው።

ቀያሹ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ደረቅ አሉ። ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ከፊት አጥንቱ ደንዳና ነው። ከኋላ ግን ጫፉ እንደ ቢላ ስለት ሳስቷል፣ ስሱ ክፍል ሲቀነስ ከከንፈር ነርቭ መተላለፊያ በላይ የሚተርፈው አጥንት ጥቂት ነው። ብሎኑ እዚያ ቢገባ ከንፈራቸው ደንዝዞ ሊቀር ይችል ነበር።

ሐኪሙ ምስሉን ደጋግሞ አየ። ከዚያ ከወንበሩ ተነሳላት።

«እትዬ፣ እርስዎ ያስረዷቸው።»

አስረዳቻቸው። ቀያሹ ስክሪኑን አይተው ሳቁ። «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው መሬት ስለካ የራሴ ተሸርሽሮ አልቋላ!»

ሁለት ብሎን ከፊት ተቀበረ፤ ከአራት ወር በኋላ ጥርሱ ተገጠመ። ያን ሰሞን ቀያሹ በጡረተኞች ማኅበር ስብሰባ ላይ እንድትገኝላቸው ጠሯት። ተነሥተው አንድ ቃል ሳይውጡ ግማሽ ሰዓት ተናገሩ። አጠገቧ የተቀመጡ ሴት ሁለቴ ሰዓታቸውን አዩ። እሷ ግን ደረቷን ነፍታ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።