ስድስተኛ ረድፍ፣ ዐሥራ አንድ

ሥርጉት ሃያ ሰባት ዓመት በወረዳ መዝገብ ቤት ስትሠራ አለቆቿን ሁሉ ያሰለቸች አንድ አመል ነበራት። «የእገሌ ፋይል አለ?» ሲሏት ከወንበሯ ሆና «አለ» ብላ አታውቅም። ትነሣለች፣ መደርደሪያው ሥር ትገባለች፣ አቧራውን እፍ ትልና ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ያን ጊዜ ነው «አለ» የምትለው። ባለጉዳይ ይቆጣል፣ አለቃ ሰዓቱን ያያል፣ እሷ ምን ገዷት! ይህን የሚነግራችሁ በዚያ አመሏ ግማሽ ቀን ሙሉ የተገተረ ሰው ነው። ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ጡረታ ስትወጣ አንድ የጠፋ ፋይል አልነበረም።

ከየካ ሚካኤል ሽቅብ፣ እንጦጦ ተዳፋት ላይ ያለችው ደብራችን (ስሟን አልጠራም፣ ነገር አልወድም) አዲስ ሕንፃ ልትሠራ መቃብሩን ለማንሣት ስትወስን ሰበካ ጉባኤው ሥርጉትን የጠራት ለዚሁ አመሏ ነው። የሟች ቤተሰብ ሁሉ ተስማምቷል፤ አፅሙ ከአፈር ወጥቶ በግንቡ ፉካ ውስጥ ያርፋል። የሥርጉት ሥራ ዘጠኙን ረድፍ ከላይኛው ጽድ ጀምራ እየቆጠረች ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለቱን መቃብር በታብሌት ፎቶ ማንሣት ነበር፤ ለያንዳንዱ ረድፍና ቁጥር ትሰጠዋለች። ትናንት ሐውልቱም መስቀሉም ተነሣ። ነገ ጠዋት ቁፋሮ ይጀመራል። እንግዲህ ማን የት እንደተኛ የሚያውቀው ያ ታብሌት ብቻ ነው።

ታብሌቱ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ባዶውን መሬት ልታነሣ ስትል ሞላና አንድም ፎቶ አላነሣም አለ። ሥርጉት አልደነገጠችም። ከደብሩ በር ወረድ ብሎ ሞባይል የሚጠግነው ኢማድ ገና ሥራው ሲጀመር ባክአፕ ከፍቶላታል። «ፎቶው በራሱ ጊዜ ክላውድ የሚሉት የኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ ይወጣል፤ ይቺ አረንጓዴ ምልክት ካለች ሐሳብ አይግባዎት» ብሏት ነበር። ምልክቷ አለች። ስለዚህ ከአንድ እስከ ስድስት ያሉትን ረድፎች ከታብሌቱ ላይ ደመሰሰቻቸው።

ጋሽ ፀሐዬ የደረሱት ገና ታብሌቱን ከእጇ ሳታወርድ ነው። ከሲ.ኤም.ሲ ታክሲ እየቀያየሩ የመጡ፣ ሰማንያን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው፤ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የሞተችባቸው ልጃቸው ናዝሬት ስድስተኛው ረድፍ ላይ ናት። ባዶውን መሬት ሲያዩ ከዘራቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«ልጄን አታጠፉብኝም አይደል?»

«አለች፣ ጋሽ ፀሐዬ። አይስጉ» አለች ሥርጉት።

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ክው አለች። ሳታወጣ፣ ሳታይ «አለች» አለች፤ ሃያ ሰባት ዓመት ያላደረገችውን። ታብሌቱን በነጠላዋ ጠቅልላ ቁልቁል ወደ ኢማድ ሱቅ ተጣደፈች። ሽማግሌውም ምን እንደነካት ሳይገባቸው ከኋላ ከኋላዋ ተከተሏት።

«ኢማድ፣ ታብሌቱን ተወው። በራስህ ኮምፒውተር ግባና ከክላውዱ አውጣልኝ።»

«እትዬ ሥርጉት፣ ምልክቷ አለች እኮ።»

«ስለ ምልክቷ አልጠየቅሁህም። አንደኛ ረድፍ፣ ሦስት።»

ኢማድ ፈገግ እያለ አወጣላት። ነጭ እብነ በረድ፤ ልክ ነው። «አራተኛ፣ ሃያ» አለችው። እሱም መጣ። ነፍሷ መለስ አለች። «ስድስተኛ፣ ዐሥራ አንድ።»

ኢማድ ወደ ታች ፈለገ፤ ወደ ላይ ፈለገ። ፈገግታው ጠፋ።

«የለም» አለ ቀስ ብሎ። «አምስተኛው ረድፍም የለም።»

በዚህ መሐል ስልኳ ጮኸ። የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ አቶ ዘመንፈስቅዱስ ናቸው። «ወይዘሮ ሥርጉት፣ ለቆፋሪዎቹ የሚሰጠው ዝርዝር ከፎቶው ተገለበጠ?» «ትንሽ ይታገሡኝ» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

ኢማድ ታብሌቱን ሲያገላብጥ ቆይቶ ቀና አለ። «ቀኑን ማን ነው የቀየረው?»

«እኔ ነኛ። ፎቶው ላይ የፈረንጅ ቀን እየጻፈ አስቸገረኝ፤ የደብሩ ወረቀት ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው። አራተኛውን ረድፍ የጨረስኩ ለት ግንቦት ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት አልኩት። ምን አጠፋሁ?»

«እሱ የሚያውቀው በፈረንጅ ነው። ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ወሰዱት። ቀኑ እንዲህ ከተዛባ ክላውዱ አይቀበለውም፣ ከበር ይመልሰዋል። ምልክቷ ከዚያ በፊት ለገቡት የበራች ናት፤ እንደበራች ቀረች።»

አይ ሥርጉት! ሌላ ሰው ቢሆን ለቀኑ ግድም ባልሰጠው፤ እሷ ግን ቀን በትክክል ይጻፍ ብላ አርባ ስምንት ሰው አጣች። ከኋላዋ የጋሽ ፀሐዬን ትንፋሽ ትሰማለች፤ ዞራ ልታያቸው አልደፈረችም።

«ቀኑን ልመልሰውና አሁኑኑ ይሂድ» ብላ ጣቷን ስትሰድ ኢማድ ታብሌቱን ከፊቷ መንጨቅ አደረገው።

«እንዳይነኩት! የደመሰሱት ፎቶ ቅርጫቱ ውስጥ ነው፤ ሠላሳ ቀን ያቆየዋል። ቀኑን ወደ ዛሬ ካመጡት ሰባት ዓመት አለፈው ብሎ ጠራርጎ ነው የሚጥለው።»

ሥርጉት እጇን ጉያዋ ውስጥ ከተተች። ኢማድ ቅርጫቱን ከፈተ። አሉ። አንድ በአንድ ሲያስመልሳቸው እሷ ጮክ ብላ ቆጠረች፤ አርባ ስምንት። ቀኑ የተስተካከለው ከዚያ በኋላ ነው። ፎቶው ወደ ክላውዱ መውጣት ያዘ፤ ኔትወርኩ ግን እንደ አመሉ ይንቀራፈፍ ጀመር። እሷ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም፤ ከቀትር እስከ ዐሥር ሰዓት እዚያችው ዱካ ላይ ተቀመጠች።

«በል እንደገና። ስድስተኛ፣ ዐሥራ አንድ።»

ኮምፒውተሩ ላይ ሰማያዊ የተቀባ የእንጨት መስቀል ብቅ አለ። «ናዝሬት ፀሐዬ» ይላል። እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም።

«ይኸውልዎ ጋሽ ፀሐዬ። ስድስተኛ ረድፍ፣ ዐሥራ አንድ። እርስዎም በቃልዎ ይያዙልኝ።»

ሽማግሌው ፎቶውን ብዙ አዩት። በጣታቸውም ነካ አደረጉት።

«መስቀሏ የሷው ነው። ቁጥሩ ግን ዐሥራ ሁለት ነው» አሉ።

«ዐሥራ አንድ ነው እንጂ። እኔ ራሴ ነኝ የቆጠርኩት።»

«አንቺ የቆጠርሽው መስቀል ነው፣ ልጄ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የቆጠርኩት ሰው ነው። አራተኛው ሰው መስቀል የለውም፤ ሣር ውጦታል።»

ሥርጉት ትዝ አላት። ሦስተኛውን ሐውልት ፎቶ አንሥታ፣ አንድ የሣር ጉብታ ተራምዳ ወደሚቀጥለው አለፈች። ረግጣው ነው የሄደችው። ከዚያ ወዲህ ያለው የረድፉ ቁጥር ሁሉ በአንድ ተዛንፏል፤ ነገ ቆፋሪዎቹ ናዝሬት ናት ብለው የሰው ሰው ያወጡ ነበር። ክላውዱ ስሕተቷንም አንድ ሳይጎድል አስቀምጦላታል።

ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ዝርዝሩስ፣ ወይዘሮ ሥርጉት?»

«ዝርዝር የለም። ነገ ቁፋሮም የለም። ለየቤተሰቡ ይደወልልኝ፤ እያንዳንዱ መጥቶ የራሱ ሰው ያለበት ላይ ይቁም።»

«ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው እኮ ነው?»

«ዐሥራ ሦስት» አለች።

ከሽማግሌው ጋር ቀስ እያሉ ሽቅብ ወጡ። ጋሽ ፀሐዬ ከጽዱ ጀምረው በእግራቸው ቆጠሩና አራተኛው ላይ ከዘራቸውን ተከሉ።

«የማን ይሆን?» አለቻቸው።

«ስንቱን ጠየቅሁ። የሚያውቅ አላገኘሁም። ለልጄ ጎረቤቷ ስለሆነ በመጣሁ ቁጥር እጅ ነሥቼው ነው የማልፈው።»

ሥርጉት ተንበርክካ ሣሩን በእጇ ገለጥ ገለጥ አደረገችና ፎቶ አነሣችው።