«ማን ነገረሽ?»

ሊይዙኝ ሲመጡ ስለ ትረካ አንጻር እያስተማርኩ ነበር። ሰሌዳው ላይ «ሁሉን አወቅ ተራኪ» ብዬ ጽፌ ከሥሩ ሳላሰምርበት በሩ ተንኳኳ። ሁለት የታጠቁ ሰዎች ቆመዋል። ተማሪዎቼ ፊት ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ፈርቼ ምንም አልጠየቅኋቸውም። ጠመኔውን እንደያዝኩ ወጣሁ።

የወሰዱኝ መተማ ከተማ ዳር ወዳለ የሰሊጥ መጋዘን ነው። መስኮት የለውም። ከረፋድ ጀምሮ ቆርቆሮው ሙቀት እየበላው ይንቋቋል። ከወለሉ ስንጥቅ የማይለቀው ሰሊጥ ላብ በነካው ጀርባዬ ላይ እየተጣበቀ ያሳክከኛል። ለሴቶች በተከለለው በኩል የነበሩት አንዲት የወሎ ሴት ብቻ ናቸው። ሳሉግ የምንላቸውን የአጨዳ ሠራተኞች በየእርሻው እየዞሩ ቀቅለው ያበላሉ። የማይታወቅ ሰው አብልተዋል ተብለው ነው የታሰሩት።

«የራበው ሰው መታወቂያ ይጠየቃል እንዴ?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

የኔ ጥፋት በቴሌግራም ለጓደኞቼ የላክሁት አጭር ልቦለድ ነበር። አንድ ወጣት የኬላ ጠባቂ በአጨዳ ወቅት ወደ አባቱ ማሳ አቅጣጫ ያያል። ሰሊጡ አፉን ከፍቶ መርገፍ ጀምሮ ይሆናል ብሎ ያስባል። ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ይሄዳል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

ለምርመራ ከመጋዘኑ ጎን ወዳለ ክፍል ወሰዱኝ። መርማሪው የአርማጭሆ ሰው ነው፤ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። አልመታኝም፣ አልጮኸብኝም።

«መምህርት፣ ‹ብሎ አሰበ› ይላል እዚህ። ማሰቡን ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ልጁ የለም፤ የፈጠርኩት ነው። ተራኪው ሁሉን አወቅ ስለሆነ የልቡን ያውቃል።»

በሩ ላይ ወደቆመው ጠባቂ ዞረ። «ስማ እንጂ! ሁሉን የሚያውቅ ሰው ይዘናል። የናፍጣው ወረፋ መቼ እንደሚያልቅ ጠይቅልኝ።»

ጠባቂው ሳቀ። እኔ ግን ማስረዳቴን ቀጠልኩ፤ ደራሲ የገጸ ባሕርያቱን ሐሳብ ይፈጥራል፣ እያልኩ። ለተማሪዎቼ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚገባቸውን ነገር ለእሱ ደጋግሜ ብናገርም አልገባውም፤ ወይም እንዲገባው አልፈለገም።

«እኔ የሰውን ሆድ የማውቀው ጠይቄ ነው» አለ። «አንቺም ጠይቀሽ ነው። ሰሞኑን አንድ ጠባቂ ከኬላ ጠፍቷል። ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ። ልክ እንደጻፍሽው።»

ስለዚያ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

«ተማሪሽ የነበረ ልጅ እዚያው ኬላ ላይ አለ። የጓዶቹን ወሬ የሚያመጣልሽ እሱ ነው አይደል? እሱ ነው በይና ነገ ክፍልሽ ግቢ።»

ልጁን አውቀዋለሁ። ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ዝምተኛ ነበር። ኬላው ላይ ሳገኘው ሁለታችንም እያፈርን አንገታችንን ሰበር አድርገን እንተላለፋለን እንጂ አውርተን አናውቅም።

በንዴት ጥርሴን ነክሼ ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ። በዚህ ቆላ ሰሊጥ ሲደርስ ሰው ምን እንደሚያስብ ለማወቅ ምን ነጋሪ ያሻል? ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። ቶሎ ካልታጨደ መሬት ላይ ይፈስሳል። አስተማሪውም፣ ነጋዴውም፣ ጠመንጃ የያዘውም በዚያ ሰሞን ሐሳቡ ማሳ ላይ ነው። ሰሊጥ መሃል ያደገ የአርማጭሆ ልጅ ይህን እንዴት ያጣዋል?

ለሴትየዋ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ሆድ ውስጥ ምን አስገባሽ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «የሞተ ሰው ስም ስጫቸው። ሙት አይታሰር።»

«ሙትም እኮ ወንድም አለው፣ እትዬ።»

«አለው» አሉ። ነጠላቸውን አጣጥፈው ከራሴ ሥር አደረጉልኝ።

በማግስቱ መርማሪው ቃሌን ራሱ ጽፎ ጠበቀኝ። ታሪኩን ከተማሪዬ እንደሰማሁ ይላል። የቀረው ፊርማዬ ብቻ ነው። እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። እኔ መጮህ አልችልበትም፤ መሰረዝ ግን ድምፅ አይጠይቅም። የልጁን ስም ሰረዝኩ። «ሰማሁ» የሚለውንም ሰረዝኩ። ከላዩ «ማንም አልነገረኝም፤ እኔ ነኝ ያሰብኩት» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየው። ይቀደዋል ብዬ ጠበቅሁ።

«እልኸኛ ነሽ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ ልጁ ደረሰ? ሰሊጡ ሳይረግፍ?»

«እዚያ ድረስ አልጻፍኩትም።»

አንገቱን ነቀነቀና ወደ በሩ፣ ወደ ውጭው ሐሩር ዞረ።

የተፈታሁት አጨዳው ካለቀ በኋላ ነው። ለምን እንደታሰርኩም ለምን እንደተፈታሁም የነገረኝ የለም። እትዬ እኔ ስወጣ እዚያው ነበሩ፤ ዛሬም አድራሻቸውን አላገኘሁም። ተማሪዬ አሁንም ኬላው ላይ ነው። ስሙ በዚያ ወረቀት ላይ እንደነበር አያውቅም። «ይለፉ፣ መምህርት» ይለኛል፣ መሬት መሬት እያየ።

የሚያናድደኝ እጄ ነው። ልቦለድ ልጽፍ ተቀምጬ «አሰበ» ከሚለው ቃል ስደርስ ይቆማል። ማን ነገረሽ? የሚለው ድምፅ ይመጣል። ብዙ ገጽ እዚያ ቃል ላይ ቀርቶብኛል።

ዛሬ ግን ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር እጨርሳለሁ፤ መርማሪው ወደ በሩ ሲዞር ያላጨደውን የራሱን ማሳ እያሰበ ነበር።

ማንም አልነገረኝም።