ከፎቶው የጠፋው ተረኛ

በደርግ ዘመን አዋሳ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ስለ ብርሃን ሳስተምር ተማሪዎቼ ስለሚያዛጉ፣ በዓይናቸው የሚያዩት ማስረጃ ላቀርብላቸው ቆረጥኩ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ያለውን ትልቅ ዋርካ በጨለማ ፎቶ ላነሳው አሰብኩ። ዘዴው ቀላል ነው። ካሜራው ሳይነቃነቅ ዓይኑ ለደቂቃዎች ክፍት ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ግድግዳ በኖራ እንደሚቀባ ሰው ዛፉን በእጅ ባትሪ ከሥር እስከ ጫፍ እቀባዋለሁ። ብርሃን የነካው ሁሉ ፊልሙ ላይ ይቀራል።

አንድ ምሽት ካሜራውን በተገለበጠ የዓሣ ሳጥን ላይ አስቀምጬ ግንዱን እየቀባሁ ሳለ፣ "ቁም! ለማን ነው ምልክት የምትሰጠው?" የሚል ድምፅ መጣ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ነበሩ፤ አንዱ ሸምገል ያሉ፣ አንዱ የእኔ እኩያ ጎረምሳ።

"ለማንም። ዛፉን እየቀባሁ ነው።"

"በምን ቀለም?"

"በብርሃን።"

ተያዩ። እኔም ብርሃን በቀጥታ መስመር እንደሚጓዝ ከማስረዳት ጀመርኩ። ጎረምሳው ግን መታወቂያዬን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ።

"ፎቶውን ስታመጣ ትወስዳለህ። ካላመጣህ ለቀበሌው ሊቀመንበር አቀርብሃለሁ።"

ቅዳሜ ዲላ የእህቴ ሠርግ ነው፤ ያለ መታወቂያ ደግሞ ኬላ አያሳልፍም። ምስክር እንዲሆኑኝ፣ "እንግዲያው እናንተም ፎቶው ውስጥ ግቡ፤ ብቻ አትንቀሳቀሱ" አልኳቸውና እንደገና ጀመርኩ። ሽማግሌው ግንዱ ሥር ተቀምጠው ጠብመንጃቸውን እንዳቀፉ አሸለቡ። ጎረምሳው ግን "ወደ ግራ አብራ! እዚያ ጥግ ማነው?" እያለ ይመላለሳል።

"ጓድ፣ ቁም እንጂ!"

"ተረኛ አይቆምም!"

በማግስቱ ፊልሙን አጥቤ ፎቶውን አተምኩ። ዋርካው አምሮበታል። ሽማግሌው ቁልጭ ብለው ወጥተዋል። ቅርንጫፉ ላይ ሳይነቃነቅ የቆመው አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ አሞራ ሳይቀር ላባው ይቆጠራል። ጎረምሳው ግን የለም። አንድ ቦታ ያልረጋ ሰው ፊልም ላይ አይያዝም፤ ይህን ለተማሪ ማስረዳት ቀላል ነው፣ ጠብመንጃ ለያዘ ሰው ግን እንጃ።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ፎቶውን ወሰድኩላቸው። ጎረምሳው ጀርባውን ሳይቀር ገልብጦ አየ።

"እኔስ?"

"ስትንቀሳቀስ ብርሃኑ… እኔም እኮ የለሁም!"

"አንተማ ተረኛ አይደለህም!"

ሽማግሌው ፎቶውን ተቀብለው ሳቃቸውን ለቀቁት። "ይኸው እኔ አለሁ። አባ ኮዳው እንኳ ሥራው ላይ ነው። አንተ የት ሄደህ ነበር?"

"እርስዎ ተኝተው ነበር እኮ!"

"ፎቶው ላይ ተረኛ ነኝ። ሊቀመንበሩ አንተን ነው ወይስ ፎቶውን የሚያምነው?"

ጎረምሳው ፎቶውን ነጥቆ ወደ እኔ ዞረ። ድምፁ ዝግ አለ።

"መምህር፣ ይህን ሌላ ሰው አይቶታል?"

"አላየም። ግን ምክንያቱን ላስረዳ፤ ፊልም ማለት—"

"አታስረዳ!"

መታወቂያዬን እጄ ላይ አስቀመጠ፤ ፎቶውን ደረት ኪሱ ከቶ ቆለፈበት።

ቅዳሜ ኬላው ላይ ፈታሹ መታወቂያዬ ላይ ያለውን ፎቶ ከፊቴ ጋር እያስተያየ ቆየ። እኔም እንደዚያ አባ ኮዳ ቀጥ ብዬ ቆምኩለት።